ስርጉድ ያላት አምስት

ያይ ላምዱዋን የሰንደል አበባ እየሠራች ነበር። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳውን የእንጨት ልጥ በሁለት ጣቷ ይዛ ጫፉን ትቆለምመዋለች፤ አምስት ቅጠል ሲሞላ በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ላይ ደርባ በጥቁር ክር ትጠመጥመውና ቅርጫቱ ውስጥ ትጥለዋለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጧል፤ ቢሆንም ከመንደሩ፣ ከባን ዋንግፕላ ገዳም ዳስ ሥር ከተቀመጡት ዘጠኝ ሴቶች ፈጣኗ እሷ ነበረች። የወለደቻቸውም ያልወለደቻቸውም ያይ ይሏታል፤ አያቴ ማለት ነው።

አበባው ለሟቹ የምክር ቤት እንደራሴ ለታዊን ነው። መቶ ቀን በሳጥን የቆየው አስከሬናቸው ከሦስት ቀን በኋላ ሊቃጠል ነው። የሚመጣው ሰው ሁሉ አንዳንድ አበባ ይዞ ሳጥኑ ሥር ያኖራል፤ እሳቱ አበባውንም አብሮ ይበላዋል። ሁለት ሺህ አበባ ያስፈልጋል።

«አንቺ ላምዱዋን፣ ቀስ በይ እንጂ!» አለቻት ጎረቤቷ ሳምሊ። «ሰውየው ከእንግዲህ የትም አይሄዱም።»

«እጄ ነው የቸኮለው፣ እኔ አይደለሁም።»

«በሕይወት እያሉም እንዲሁ ነበር የምትሮጭላቸው። የእንደራሴው ዓይን!»

ሴቶቹ ሳቁ። ላምዱዋንም አብራ ሳቀች። በዚህ ስም ሲጠሯት መሳቅ ከለመደች አርባ አንድ ዓመት ሆኗታል።

ከምሳ በፊት አንዲት ፒክአፕ መኪና ገዳሙ ግቢ ገብታ ካርቶኖች አራገፈች። የመታሰቢያ መጽሐፉ ነው። ትልቅ ሰው ሲቃጠል የሕይወት ታሪኩ ታትሞ ለለቀስተኛ ይታደላል፤ ሰውም ወስዶ ከቡድሃው ምስል ጎን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይጣልም። ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሳምሊ አንዱን ካርቶን በመቀስ ከፍታ ግራጫ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አወጣች። ታዊን ነጭ የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰው ፈገግ ብለዋል።

«በይ አንብቢልን» አለችና ላምዱዋን ጭን ላይ ጣለችው። «ከሃምሳ አልፈሽ ፊደል የቆጠርሽው ለመቼ ነው? የኔን መነጽር የልጅ ልጄ ቁጭ ብሎበታል።»

ላምዱዋን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስቀመጠች። እየተጎተተች ነው የምታነበው፤ ግን ቃል አትስትም።

«...ከሩዝ ወፍጮ ባለቤት ቤተሰብ ተወለዱ...»

«የሦስተኛዋ ሚስት ልጅ ናቸው። እሱን አልጻፉትም?»

«ሳምሊ፣ አፍሽን! ...በባንኮክ ሕግ አጥንተው በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ቤት ገቡ። ሰባት ጊዜ ተመርጠዋል። ምክትል ሚኒስትር ሆነው...»

«ስምንት ወር!» አለች ሌላዋ። «ወንበሩ ሳይሞቅ ወታደሮቹ መጡ።»

«...የባን ዋንግፕላን ድልድይ አሠርተዋል።»

«ሠሌዳው ላይ ያስጻፉት ስማቸው ከድልድዩ ይረዝማል!»

እንደገና ሳቁ። በክፋት አይደለም። ሰውየው የእያንዳንዷን ልጆች ስም ያውቁ ነበር፤ የሁሉም ቤት ለቅሶ ደርሰዋል። ላምዱዋን ገጹን ገለጠች። አርባ ሰባት ይላል። ጣቷ ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመች።

«ምነው?»

ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ *በሦስተኛው ምርጫ ግን ቲት ጫም የተባለ የባን ዋንግፕላ ጀልባ ቀዛፊ የመንደሩን ድምፅ ለተቀናቃኛቸው ስለሸጠ በሰባ አንድ ድምፅ ተሸነፉ።*

«ፊደሉ ደቀቀብኝ» አለች።

ሳምሊ መጽሐፉን ነጥቃ ከዓይኗ አርቃ ያዘችው። ስሙን ለየችው። «ቲት ጫም! ይበለው። እስከ ቃጠሎ መጽሐፍ ድረስ ተከተለው።»

ላምዱዋን ወደ አበባዋ ተመለሰች። ክሩን ጠመጠመችው፤ ደግማ ጠመጠመችው፤ ስንጥሩ እጇ ውስጥ ተሰበረ።

*

እንደራሴ ታዊን መጀመሪያ ወደ መንደሩ የመጡት በጎርፍ ዘመን፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ነው። ላምዱዋን ያኔ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ ቀልጣፋ ሴት ነበረች። የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደተጣላ ከእሷ በፊት የሚያውቅ የለም። ታዊን ይህን ወዲያው አዩ። ከዚያ ወዲያ በምርጫ ሰሞን ለመንደሩ ቅስቀሳ ሁለት ሰው ነበራቸው፦ ላምዱዋንና ጀልባ ቀዛፊው ቲት ጫም። ቲት የሚባለው መንኩሶ የወጣ ሰው ነው። ጫም በገዳም ፊደል ስለተማረ፣ ያልተማሩትን ሽማግሌዎች ሰብስቦ የእጩውን ቁጥር ቅርጽ የሚያስጠና እሱ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርጫዎች አንድም ሰው አልተሳሳተም።

በሦስተኛው ምርጫ ሰሞን ወንዙ ሞላ። ቲት ጫም ሰው ሲያሻግር እየዋለ ከጀልባው መውረድ አልቻለም። ታዊን በመንደሩ የሩዝ ወፍጮ ቤት ምሳ አብልተው ሲጨርሱ፣ አሥር ሰው ባለበት፣ የወፍጮ ቤቱ እመቤትም ባሉበት፣ ወደ ላምዱዋን ዞሩ።

«ዘንድሮ ሽማግሌዎቹን አንቺ ታስጠኛቸዋለሽ። ቁጥሬ አምስት ነው። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

ያን ጊዜ «አልችልም ጌታዬ» ብትል ምን ነበረበት? ግማሹ ገበታ ማንበብ አይችልም። እሷ ግን የወፍጮ ቤቱ እመቤት ወርቅ አምባር አይታ፣ የራሷን የዓሣ ሽታ አሽትታ፣

«እንዴታ ጌታዬ!» አለች።

«አላልኳችሁም?» አሉ ታዊን ለሰዉ። «ይቺ ሴት ዓይኔ ናት።»

ከሰዓት ብቻዋን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሠሌዳ ሄዳ አየች። ከታዊን ፎቶ ሥር ቁጥሩ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የተጠቀለለች ትል ትመስላለች፤ ጅራቷ ወደ ላይ ወጣ ብሏል። አናቷ ላይ ግን ስርጉድ አለች። ላምዱዋን አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየቻት። ሠሌዳውን የጻፈው ሱቺን ነው፤ ሱቺን ደግሞ ከረፋድ ጀምሮ የሩዝ አረቄ የሚጠጣ ሰው ነው። እጁ ተንቀጥቅጦበት ነው አለች በልቧ። ምስኪን፣ ቁጥሩን አበላሸባቸው።

እናም አረመችው።

አምስት ቀን ሙሉ በየቤቱ ዞረች። ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ተራ በተራ ቁጭ አድርጋ፣ በእንጨት አሸዋ ላይ ትሉን ትስላለች፤ ስርጉዷን ትታ፣ ክብ አናት አድርጋ፣ አሳምራ። ደጋግመው እንዲስሉት ታደርጋለች። ከዚያ የተቀናቃኙ ሰዎች እንዳያዩት በእግሯ ታጠፋዋለች። የሳምሊ እናት፣ አሮጊቷ ቱም፣ «ይቺ ቀንድ አውጣ ናት እንዴ?» ብላ ስቃ ነበር። «አዎ ያይ፣ ቀንድ አውጣዋ ላይ ኤክስ ያድርጉ፤ ሌላው ላይ እንዳይነኩ» አለቻት ላምዱዋን።

በእኛ አገር አኃዝ አራትና አምስት መንታ ናቸው። የሚለያቸው ያቺ ስርጉድ ብቻ ናት።

በምርጫው ማግስት አይደለም፣ በዚያው ዕለት ነው ጉዱ የታየው። ኮሮጆው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሕዝብ ፊት ተከፈተ። መምህሩ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሣ ለሰዉ ያሳያል፣ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሌላው በጥቁር ሠሌዳ ላይ መስመር ያሰምራል።

«አምስት!» አለ መምህሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። «አምስት! አራት!» ሰዉ ሳቀ፤ አንድ እብድ አይጠፋም። «አራት! አራት! አምስት! አራት!»

ሳቁ ቆመ። መምህሩ ድምፁን ቀነሰ። «አራት። አራት። አራት።»

ላምዱዋን ከፊት ቆማ ነበር። መምህሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ፣ በደካማ እጅ የተጻፈው ኤክስ ያረፈበትን ሣጥን አየች። ትሏ ናት። ክብ አናት ያላት፣ እሷ ያስተማረቻት ትል። ከአጠገቧ ደግሞ መንታዋ ቁጥር ተቀምጣለች፤ አናቷ ላይ ስርጉድ ያላት፣ ማንም ያልነካት።

አፏን ከፈተች። ያኔ፣ ሁሉም እዚያው በቆሙበት፣ መናገር ትችል ነበር። ከኋላዋ ግን አንድ ሰው «ማን ነው የሸጠን?» ብሎ ጮኸ፤ አፏም ተመልሶ ተዘጋ።

መቶ አሥራ ስምንት ሰው ቁጥር አራት ላይ ኤክስ አድርጓል። ታዊን በሰባ አንድ ድምፅ ተሸነፉ።

እንግዲህ የሰው ነገር እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ላምዱዋን ባሳየቻቸው ላይ ኤክስ እንዳደረጉ እርግጠኞች ናቸው፤ እያንዳንዱ ራሱን አምኖ ጎረቤቱን ጠረጠረ። አሮጊቷ ቱም በቡድሃው ፊት ማለች። ማንም አላመናትም። ሽማግሌዎቹን በጎርፉ ላይ ወደ ምርጫ ጣቢያ ያሻገራቸው ማነው? ቲት ጫም። የተቀናቃኙንስ ሰዎች ያሻገረ? እሱው። ከምርጫው በፊት ባለው ሳምንት አዲስ የውሃ ሞተር የገዛው? እሱው። ወንዙ መሐል ላይ ነው «አራት፣ አራት» ብሎ በጆሯቸው ያንሾካሾከው ተባለ። ላምዱዋንን የጠረጠረ የለም። የእንደራሴው ዓይን ናት።

ቲት ጫም ሞተሩን የገዛው ሁለት ጎሾች ሸጦ ነው። ላምዱዋን ታውቃለች፤ ጎሾቹ ሲሸጡ አይታለች። እሱንም አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ጀልባው ላይ የሚሳፈር ጠፋ። ሰዉ አንድ ሰዓት ዞሮ በላይኛው መሻገሪያ ይሄዳል እንጂ የእሱን ጀልባ አይረግጥም። ሕፃናት ከዳር ሆነው «አራት! አራት!» ይሉታል። በሦስተኛው ዓመት ቤቱን አፍርሶ ወዲያ ማዶ ተሻገረና ጀርባውን ለወንዙ የሰጠ ቤት ሠራ።

*

ታዊን ተመለሱ። አሸነፉ፤ ደግመው ደጋግመው አሸነፉ። ወታደሮች መጡ፣ ሄዱ፤ እሳቸው ዝም ማለትም መናገርም መቼ እንደሆነ ያውቁበት ነበር። ያቺን አንዲት ሽንፈት ደግሞ ቀልድ አደረጓት። በየድግሱ ጽዋቸውን አንሥተው፣ «ሕዝቤ አንድ ጊዜ እንኳ ከድቶኝ አያውቅም። የከዳኝ አንድ ጀልባ ነው!» ይላሉ። ሰው ይስቃል።

በየዓመቱ በሚያዝያ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ ታናሽ የታላቁን እጅ በጃስሚን ውሃ ያጥባል፤ «አውቄም ሳላውቅም፣ በሥራዬም በቃሌም በሐሳቤም ለበደልኩዎ ይቅር ይበሉኝ» ይላል። ላምዱዋን በየዓመቱ የታዊንን እጅ አጥባለች። «አውቄም» የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምጿ ይሰልላል። እሳቸውም «ይቅር ብዬሻለሁ ዓይኔ፣ አንቺም ይቅር በይኝ» ብለው አናቷን ይዳብሷታል። አንዳንድ ዓመት ይህ ይበቃል ብላ ቤቷ ትገባለች። ግን የጅምላ ይቅርታ ነው፤ ኃጢአቱ ስም የለውም። ስም የሌለውን ነገር ማን ይቅር ሊል ይችላል?

በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ገዳሙ ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ተከፈተ። መምህርቷ ዋንዲ የምትባል ልጅ እግር ነበረች።

«ያይ፣ መጀመሪያ ስምዎን ነው የምንጽፈው» አለቻት።

«አይ ልጄ። መጀመሪያ አምስትን አስተምሪኝ።»

መምህርቷ ሳቀች። ላምዱዋን ግን ገጹን ሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አምስት ብቻ ጻፈችበት፤ በእያንዳንዷ አናት ላይ ስርጉዷን እየጫነች፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳ። ሰዉ በዚያ ዕድሜዋ ፊደል መማሯን እያደነቀ ምሳሌ አደረጋት። ምስጋናውን በተቀበለች ቁጥር ሰውነቷ እሾህ የነካው ያህል ይሸማቀቃል።

*

እና አሁን ገጽ አርባ ሰባት። ወሬ ቢሆን ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሞታል። ይህ ግን ታትሟል።

በማግስቱ ጠዋት ላምዱዋን ወደ አዳራሹ ገባች። የታዊን ልጅ ኩን ራቻኒ፣ እመቤት ራቻኒ እንደማለት ነው፣ ከአባቷ ሳጥን አጠገብ ነጭ አበባ ትደረድር ነበር። በልጅነቷ ላምዱዋን ጀርባዋ ላይ አዝላታለች።

«ኩን ራቻኒ፣ መጽሐፉ ላይ ስሕተት አለ።»

«የፊደል ስሕተት ነው ያይ?»

«አዎ» አለች ላምዱዋን፤ ይህም መልስ እውነት መሆኑ አሳፈራት። «የኔ የፊደል ስሕተት።»

ተንበርክካ ነገረቻት። ከወፍጮ ቤቱ ምሳ ጀምራ፣ የሱቺንን አረቄ፣ አሸዋውን፣ ኮሮጆውን፣ ሁለቱን ጎሾች። ራቻኒ መጀመሪያ «ያይ፣ ደክሞዎታል፣ ትንሽ ይረፉ» አለች። ላምዱዋን ከአበባ ማስቀመጫው ሥር በፈሰሰው ውሃ ላይ ጣቷን ነክራ መሬቱ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፈች። ራቻኒ ቁጥሮቹን አየች፣ ከዚያ የአባቷን ፎቶ።

«አባዬ ያንን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደተናገረው ያውቃሉ? ሠርጌ ላይ ሳይቀር!»

«አውቃለሁ። ሠርግዎ ላይ ሳህን እያጠብኩ ሰምቻለሁ። ስቄያለሁም።»

ራቻኒ አበባውን አስቀመጠች። «ለምን አሁን? ለምን እሱ መልስ የማይሰጥበት ቀን ጠብቀው?»

«በሕይወት እያሉ ፈራኋቸው። ሲሞቱ ደግሞ አፈርኳቸው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ከነገ ወዲያ ባለሥልጣኑ ሁሉ ይመጣል። አባቴ በገዛ ቃጠሎው ውሸታም ይባል?»

«እሳቸው አልዋሹም። እኔን ነው ያመኑት።»

ራቻኒ ዓይኗን ጠረገች። «አንድ ሺህ ነው ያሳተምነው። አራት መቶው ከማተሚያ ቤቱ በቀጥታ ለዘመድ፣ ለወዳጅ፣ ለየገዳሙ ተልኳል። ቲት ጫም ምን ይላል?»

«አልነገርኩትም።»

«ለኔ ከመናገርዎ በፊት?» አለች ራቻኒ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጥ ወጋት። «ይሂዱ ያይ። እሱ የሚለውን አደርጋለሁ።»

ላምዱዋን ጃስሚን የተነሰነሰበት ውሃ በነሐስ ጎድጓዳ ይዛ በታዊን ድልድይ ላይ ተሻገረች። ቲት ጫም ጀርባውን ለወንዙ ከሰጠው ቤት ደጃፍ ተቀምጦ የዓሣ ወጥመድ ይጠልፋል። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው።

«ማነው?»

«ላምዱዋን ነኝ።»

«የትኛዋ?»

«የእንደራሴ ታዊን።»

«እህ» አለና መጥለፉን ቀጠለ። በእኛ አገር ለመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው የሚጠጣ ውሃ ነው። ቲት ጫም አላቀረበላትም።

መሬት ላይ ተቀምጣ ነገረችው። እጁ ቀስ በቀስ ቆመ። ስትጨርስ፣ «ጻፊያት» አላት።

አፈሩ ላይ ሁለቱንም ጻፈች። ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«ለዚህች ጉድፍ?» አለ። «ለዚህች ጉድፍ ነው?»

«አዎ።»

«ላምዱዋን፣ ያን ቀን አብሮኝ ይቀዝፍ የነበረው ማን እንደሆነ ታስታውሻለሽ?»

«ወንድምህ ሱክ።»

«ሱክ። እኔ አላደረግኩትም። እንግዲህ እኔ ካላደረግኩት እሱ ነው፣ በስተኋላ ሆኖ አንሾካሹኮላቸው ነው አልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አላናገርኩትም። ሊሞት ሲል ላከብኝ። አልሄድኩም።»

ላምዱዋን ይህን አታውቅም ነበር። የሠራችው በደል ምን ያህል እንደሆነ የምታውቅ ይመስላት ነበር፤ በየዓመቱ ስትመዝነው ኖራለች። ግማሹን እንኳ አላየችውም። ጎድጓዳውን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ እሱ ዘረጋች።

ቲት ጫም እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከተታቸው።

«ውሃሽን መልሺ። ታዊን ስሜን በየግብዣው በልቶታል፤ አሁን ደግሞ በወረቀት ላይ አለ ትያለሽ። የትኛው ገጽ ነው?»

«አርባ ሰባት። ከታች ሦስተኛው መስመር።»

«ሰርዢው። ራስሽ፣ በገዛ እጅሽ። ለጠየቀሽ ሁሉ ደግሞ ለምን እንደምትሰርዢው ተናገሪ። አንድ እስኪቀር። ከዚያ ስለ ውሃው እናወራለን።»

ራቻኒ ቃሏን ጠበቀች፤ ስድስት መቶውን መጽሐፍ ዳሱ ሥር አስወርዳ ሰጠቻት። ላምዱዋን እስክሪብቶ ገዝታ ሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። መጽሐፉን ትከፍታለች፣ በጣቷ ከታች ሦስት ትቆጥራለች፣ መስመሩን ትሰርዛለች፣ ትዘጋለች።

«አንቺ፣ ምን እያበላሸሽ ነው?» አለቻት ሳምሊ። «አበድሽ?»

ነገረቻት። ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰሙ፤ ቲት ጫም እንዳዘዛት። ሳምሊ እስከ መጨረሻው ሰማች። ቅርጫቷን አንሥታ ወደ ዳሱ ሌላ ጥግ ሄደች፤ ያን ቀን ማንም ከላምዱዋን አጠገብ አልተቀመጠም። ውሃ የጠየቀቻት ሴት እንኳ ሌላ ሰው አስነሥታ ሰጠቻት።

በማግስቱ ሳምሊ መጥታ አናቷ ላይ ቆመች።

«እናቴ በቡድሃው ፊት ማለች» አለች። «እኔ ልጇ አላመንኳትም። ስትሞትም አላመንኳትም ነበር።»

ላምዱዋን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ሳምሊ አንድ መጽሐፍና አንድ እስክሪብቶ አነሣች፣ ገጹን ራሷ ፈለገችው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘችውና መጽሐፉን መሬት ላይ ጣለችው። ከዚያ ሌላ አነሣች።

በቃጠሎው ቀን ሰው በአንድ እጁ አበባ፣ በአንድ እጁ የተሰረዘ መጽሐፍ ይዞ ተሰለፈ። የጠየቀ ሁሉ መልስ አገኘ። አንዳንዱ ምራቁን ዋጠ፣ አንዳንዱ «አሮጊት!» ብሎ አለፈ። ላምዱዋን የመጨረሻዋን አበባ ይዛ ሳጥኑ ሥር ስትደርስ የጅምላውን ይቅርታ አላለችም። «ጌታዬ፣ ማንበብ አልችልም ነበር» አለች፣ አበባውንም አኖረች።

ጭሱ ሲወጣ በድልድዩ ተሻግራ ስድስት መቶ መሰረዟን ለቲት ጫም ነገረችው።

«ስንት ቀረ?»

«አራት መቶ። የት የት እንዳሉ አላውቅም።»

«እንግዲያ ውሃሽን ያዢው» አላት። ግን ለመጠጥ የሚሆን አንድ ኩባያ ውሃ ከማሰሮው ቀድቶ ፊቷ አስቀመጠ።

ስለዚህ ያይ ላምዱዋን ይህን የምታነቡትን ትለምናለች። ቤታችሁ፣ ወይም አባታችሁ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ነጭ የማዕረግ ልብስ የለበሰ ሰው ፈገግ ያለበት ግራጫ መጽሐፍ ካለ አውርዱት። ገጽ አርባ ሰባትን ግለጡ፣ ከታች ሦስት ቁጠሩ። ገጹን አትቅደዱት፤ የቀረው እውነት ነው፣ ድልድዩም እውነት ነው። ያችን አንዲት መስመር ብቻ ሰርዙ፤ እስክሪብቶ ካጣችሁ በከሰልም ይሆናል። ከዚያ ለባን ዋንግፕላ ገዳም በአንዲት ወረቀት «ሰርዘናል» ብላችሁ ላኩላት። እሷ ታነበዋለች። እባካችሁ ግን አትዘግዩ፤ ቲት ጫም ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው።